ልብሱ የሚከዳው የት ላይ ነው? ስለ ጨዋ አለባበስ በሥራ ቦታና በአደባባይ

ገላ ስለሚያሳይ ልብስ ክርክር ሲነሳ ወሬው ቶሎ ወደ ሰው ጠባይ ይዞራል። «አውቃ ነው የለበሰችው»፣ «ለማንም ደንታ የለውም» ይባላል። ልብስ በመስፋትና በማስተካከል፣ የመሥሪያ ቤት የአለባበስ ደንብ በማርቀቅም ለቆየ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ቅሬታ የሚነሳባቸው ብዙዎቹ ልብሶች ጠዋት መስታወት ፊት ቆመው ሲያዩዋቸው እንከን አይወጣላቸውም። የሚከዱት ሲቀመጡባቸው፣ ሲያጎነብሱባቸው፣ ከኋላ ብርሃን ሲያርፍባቸው ወይም ሲረጥቡ ነው። ለባሹም የሚያውቀው ሌላው ሰው ካየ በኋላ ነው፤ አንዳንዴም ጭራሽ አያውቅም።

ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ማን ምን ይልበስ የሚለውን አይደለም። ሰው ለመሸፈን የፈለገውን ያህል ልብሱ በትክክል እንዲሸፍንለት ምን ማየት እንዳለበት፣ ደንብ የሚያወጣ ኃላፊም ሰው ሳያዋርድ እንዴት ሊጽፈው እንደሚችል ነው።

ከጨርቁ እንጀምር፤ ብዙ ችግር የሚመጣው ከዚያ ነው። የጨርቅ ውፍረት የሚለካው አንድ ካሬ ሜትሩ ስንት ግራም እንደሚመዝን በማየት ነው። ነጭ የጥጥ ቲሸርት ከ130 ግራም በታች ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡን ያሳያል። ከ160 እስከ 180 ግራም ያለው ደህና ይሸፍናል። ጥቁርና ጠቆር ያሉ ቀለሞች ሳሳ ቢሉም ይሸፍናሉ፤ የፎቶ ብልጭታ ሲያርፍባቸው ግን እነሱም ይከዳሉ። ግራሙ ካልተጻፈ እጃችሁን በልብሱ ውስጥ አስገቡና ጣቶቻችሁን ዘርግታችሁ ወደ መስኮት ያዙት። ጥፍራችሁ ከጣታችሁ ተለይቶ ከታየ ልብሱ ገበር ወይም የውስጥ ቀሚስ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ሁለት ስህተቶች ይበዛሉ። አንደኛው እጅን ከልብሱ ጀርባ አድርጎ ፊትና ኋላውን ደርቦ ማየት ነው፤ ገላችሁን የሚሸፍነው አንድ ነጠላ ጨርቅ ብቻ ስለሆነ የምትፈትሹትም አንዱን ብቻ መሆን አለበት። ሁለተኛው የሚለጠጥ ጨርቅን ሳይለጠጥ ማየት ነው። ቲሸርት፣ ታይትና ቦዲ የሚሠሩት ከተያያዙ የክር ቀለበቶች ነው፤ ሲለጠጡ ቀለበቶቹ ይከፈታሉ። ተሰቅሎ ድፍን የሚመስል ታይት ቁጭ ሲሉበት መቀመጫ ላይ የሚያሳየው ለዚህ ነው። ጨርቁን ገላችሁ ላይ በሚለጠጠው መጠን በሁለት እጅ ወጥራችሁ ነው ወደ ብርሃን መያዝ ያለባችሁ።

ከኋላ የሚመጣ ብርሃን ለብቻው መነሳት አለበት። ሳሳ ያለ ጉርድ የለበሰች ሴት ፀሐይ በሚገባበት በር ላይ ስትቆም የእግሯ ቅርጽ እስከ ላይ ድረስ ይታያል፤ ከፊቷ ላለው ሰው እንጂ ለእሷ አይታያትም። ቤት ውስጥ ለመፈተሽ በመስኮትና በስልክ ካሜራ መካከል ቁሙ፤ ስልኩን አንድ ቦታ አስደግፋችሁ እግራችሁን ትንሽ ከፈት አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። መድረክ ላይ የምትናገሩ ከሆነ አንዴ በብልጭታ ድገሙት። መፍትሔው የውስጥ ቀሚስ ወይም ከጉርዱ ርዝመት ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ብቻ ያጠረ ገበር ነው። ገበሩ ጭን ላይ ከቀረ ማብቂያው ራሱ በብርሃን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ይህ ደግሞ ያለ ገበር ከመልበስ የበለጠ ዓይን ይስባል።

ነጭ ልብስ ሥር ነጭ የውስጥ ልብስ ማድረግ ብዙ ሰው ትክክል ይመስለዋል። ግን ነጭ ከቆዳ ይልቅ ብርሃን ስለሚመልስ በሳሳው ጨርቅ ውስጥ ተለይቶ ይወጣል። የማይታየው ከራሳችሁ ቆዳ ቀለም ጋር የሚቀራረበው ነው፤ ጠይም ለሆነ ሰው ቡናማው፣ ጠቆር ላለ ደግሞ ጥቁር ቡናማው። «የቆዳ ቀለም» ተብሎ የሚሸጠው ብዙ ጊዜ ለፈዘዘ ቆዳ የተሠራ ስለሆነ ስሙን ሳይሆን እጃችሁ ላይ አድርጋችሁ እዩት።

እርጥበትም እንዲሁ ነው። ደረቅ ነጭ ጥጥ የሚሸፍነው በክሮቹ መካከል ያለው አየር ብርሃንን ስለሚበትን ነው። ላብ ወይም ዝናብ ያንን ቦታ በውሃ ሲሞላው ብርሃኑ ሳይበተን ያልፋል፤ ልብሱ ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ያሳያልም። ላብ የሚበዛበት ሥራ ላይ ያለ ሰው ንድፍ የታተመበት ወይም ጠቆር ያለ ጨርቅ ቢመርጥ ይሻለዋል። አሮጌ ልብስም አይረሳ፤ ታይትና ሱሪ መቀመጫውና ጭኑ ውስጥ እየታሹ ይሳሳሉና በየጊዜው ወደ መስኮት ያዟቸው።

ቀጥሎ ልክ ነው። ጠባብ ልብስ ሁሉ ገላ የሚያሳይ አይደለም፣ ሰፊ ልብስ ሁሉም አይሸፍንም። ሸሚዝ ደረት ላይ በሁለት ቁልፎች መካከል አፉን የሚከፍተው ደረቱ ስለጠበበ ነው። የማይለጠጥ ሸሚዝ ከደረት ዙሪያችሁ ቢያንስ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መብለጥ አለበት፤ ትርፉ ከ5 በታች ሲሆን ክንድ ወደ ፊት በተዘረጋ ቁጥር ይከፈታል። ስትለኩ ሜትሩን የደረታችሁ ሙሉ ቦታ ላይ፣ ከኋላ ሳይወርድ አግድም አድርጉት። ሴቶች ከሸሚዙ ሥር በሚለብሱት ጡት መያዣ ላይ ይለኩ፤ ትንፋሽ ሳይያዝ፣ ክንድ ወርዶ። ሸሚዝ የሚገዛው በደረት ልክ ነው፤ ወገቡ ከሰፋ ጎንና ጎኑን ማስጠበብ ለየትኛውም ልብስ ሰፊ ቀላል ሥራ ነው። ደረት ማስፋት ግን ትርፍ ጨርቅ ስለሌለ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም። አሁን ላላችሁ ሸሚዝ በሚከፈተው ቦታ መካከል ተጭኖ የሚገጠም ትንሽ ድብቅ ቁልፍ ከውስጥ አሰፉ። በሁለት በኩል የሚለጠፍ ፕላስተር ለጥቂት ሰዓት ይረዳል፤ ላብ ካለ ግን ይለቃል፣ የሚለቀውም ሳይታወቅ ነው።

ቀሚስና ጉርድ ሲቀመጡበት ዳሌና ጭን ስለሚሰፋ ወደ ላይ ይሳባል። ጠበብ ባለ ጉርድ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር መሳብ የተለመደ ነው። ቆመው ጉልበት ላይ የሚያርፈው ተቀምጠው ከጉልበት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ርዝመት የሚለካው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ነው። መድረክ ላይ ወይም ከፍ ያለ ወንበር ላይ የምትቀመጥ ሴት ከፊቷ ያሉት ሰዎች ዓይን በጉልበቷ ትይዩ መሆኑን ታስብ፤ እዚያ ቢሮ ውስጥ የሚበቃው ርዝመት አይበቃም።

ስንጥቁ ላይ ትንሽ ልቆይ። የኋላ ስንጥቅ ረዝሞ ሲያስቸግር ብዙዎች ከታች እስከ ላይ ያሰፉታል። ይህ ስህተት ነው። ጠባብ ጉርድ ያለ ስንጥቅ እርምጃ ስለሚያሳጥር ደረጃ ሲወጡ ወይም መኪና ውስጥ ሲገቡ ስፌቱ መቀመጫ ላይ ይተረተራል፤ ያኔ የሚታየው ከስንጥቁ እጅግ የበለጠ ነው። ከላይ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝጉ፣ ጫፉን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግማችሁ ቆልፉ፣ ከዚያ ደረጃ ላይ ሞክሩት። ከዚህ የተሻለው ከስንጥቁ በስተ ውስጥ ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ተደራቢ ጨርቅ መጨመር ነው፤ እርምጃው እንዳለ ይቀራል፣ ሲከፈት ግን ከኋላው ጨርቅ እንጂ እግር አይታይም። ለተደራቢው የሚሆን ጨርቅ ከታች እጥፋቱ ሊወጣ ይችላል። ሌላም ነገር አለ፦ አዲስ ጉርድና ኮት ስንጥቁ ላይ በመስቀል ቅርጽ የተሰፋ ክር ይዞ ይመጣል። እሱ ለማጓጓዣ የተደረገ ነው፤ ካልተፈታ በተራመዱበት ቁጥር ጨርቁን ይቀደዋል።

ደረትን በተመለከተ መስታወት ብቻውን ያታልላል፤ የሚያሳየው ከፊት ነዋ። ቢሮ ውስጥ ግን እናንተ ተቀምጣችሁ ባልደረባችሁ አጠገባችሁ ቆሞ ነው ወደ ስክሪኑ የሚመለከተው። ስልኩን በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ አድርጋችሁ ከላይ ወደ ታች ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ እቃ ከወለል እንደምታነሱ አጎንብሳችሁ ድገሙት። ይህ ትልቅ ደረት ላላቸው ብቻ የሚመለከት የሚመስላቸው አሉ። ደረቷ አነስተኛ የሆነ ሴትም ስታጎነብስ ጨርቁን የሚይዘው ስለሌለ ከገላዋ ርቆ ይንጠለጠላል፤ በአንገቱ በኩል እስከ ወገብ ሊታይ ይችላል። ትከሻው ላይ ስፌቱን ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲ ሜትር መቆንጠጥ የአንገቱን ቁርጥ በዚያው ያህል ከፍ ያደርገዋል። ከዚያ ካለፈ ብብቱ አብሮ ከፍ ስለሚል ክንድ ያስጨንቃል። ያ ካልበቃ ከውስጥ ካናቴራ ይልበሱ። ፊት ለፊት ተደራርቦ የሚታሰር ቀሚስ መደራረቢያው ላይ አንድ ድብቅ ቁልፍ ይፈልጋል፤ ያለሱ እንዳይለበስ እመክራለሁ። እጅጌ የሌለው ልብስ ደግሞ ከጎን መታየት አለበት፤ ክንድ ተነሥቶ ጡት መያዣው ከታየ ብብቱ ሥር ቆንጠጥ አድርጎ መስፋት ይበቃል።

ስለ ወንዶች ሲጻፍ አብዛኛው ደንብ ከረባት ላይ ያልቃል። የወንድ ልብስም ይከዳል፤ የሚናገር ሰው ስለሌለ ብቻ ነው። ወገቡ ዝቅ ያለ ሱሪ የለበሰ ወንድ ወለል ላይ ያለ ገመድ ለመሰካት ሲያጎነብስ ፓንቱና ከዚያም በላይ ይታያል። መለኪያው ከእግር መጋጠሚያው ስፌት እስከ ሱሪው ወገብ ከፊት ያለው ርዝመት ነው፤ 20 ሴንቲ ሜትር አካባቢና ከዚያ በታች የሆነ ሱሪ ማጎንበስ ለሚበዛበት ሥራ አይሆንም። ወደ ላይ የሚዘረጋ ሥራ ያለው ሰው ሸሚዙ ከቀበቶው በታች ቢያንስ 15 ሴንቲ ሜትር ይውረድ፤ አጭሩ ከሱሪው እየወጣ ሆድና ወገብ ያሳያል። ሳሳ ያለና የሚለጠፍ የስፖርት ሱሪ ከፊት ያለውን ቅርጽ ያወጣል፤ ወደ ቢሮ ባይመጣ ጥሩ ነው። ሸሚዝ ሥር የሚለበስ ነጭ ካናቴራ ጠርዙ ስለሚታይ የቆዳ ቀለም ያለው ወይም ግራጫው ይሻላል።

አሁን ወደ ደንቡ። «ጨዋ»፣ «ተገቢ»፣ «ሥርዓት ያለው» የሚሉ ቃላት ብቻቸውን ደንብ አይሆኑም። እያንዳንዱ አለቃ በራሱ ዓይን ይተረጉማቸዋል፤ ጣጣው የሚወድቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሞላ ባለች ሴት ላይ ነው። አንድ ዓይነት ቀሚስ ሁለት ሴቶች ለብሰው አንዷ «አምሮብሻል» ስትባል ሌላዋ ትጠራለች። ይህ በግልጽ ግፍ ነው፤ ደንቡ የሚዳኘው ልብሱን መሆኑ ቀርቶ ገላን ይሆናልና። ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት «ይህንኑ ልብስ ሌላ ሰው ቢለብሰው ይህንኑ እል ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ አትጥሩ።

ሊጻፍ የሚችለው የሚታይና የሚፈተሽ ነገር ነው፦ የውስጥ ልብስ በላዩ ልብስ ውስጥ አይታይ፤ ክንድ ሲነሳና ሲያጎነብሱ ሆድ፣ ወገብና መቀመጫ አይጋለጥ፤ ቀሚስ፣ ጉርድና ቁምጣ ሲቀመጡ ከጉልበት በላይ ከአንድ መዳፍ ስፋት አይለፍ። ለሴትም ለወንድም አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ይሁን። የመዳፉ ልክ እንደ መሥሪያ ቤቱ ሊለወጥ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሠራተኛው ቤቱ ሆኖ ያለ አለቃ ሊፈትሸው መቻሉ ነው። ከሥራው ጋር የተያያዘ ምክንያት ካለ ደግሞ ምክንያቱ አብሮ ይጻፍ። የሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ሰፊ እጅጌና የተንጠለጠለ ሻርፕ የሚከለከለው ስለሚጠመጠም ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ እግር የሚሸፈነውና ጫማ የሚዘጋው ለሚፈስ ኬሚካል ነው።

አንዳንዴ የሥራው ደህንነት ከሠራተኛዋ የመሸፈን ፍላጎት ጋር ይጋጫል። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች ለእጅ ንጽሕና ሲባል ከክርን በታች ክንድ ባዶ እንዲሆን ይጠየቃል፤ በሃይማኖታቸው ምክንያት ክንዳቸውን ለመሸፈን የሚፈልጉ ሠራተኞች ግን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው መመሪያ ክርንና አንጓ ላይ ላስቲክ ያለው፣ እንደ ጓንት ለእያንዳንዱ ታካሚ የሚቀየር እጅጌ እንዲጠቀሙ ፈቀደ። የምወደው ምሳሌ ነው፤ መሸፈኑም ንጽሕናውም አልቀረ። እንዲህ ያለ መካከለኛ መንገድ ሳይፈለግ «ወይ ይህ ወይ በሩ» ማለት ስንፍና ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 ቀጣሪ የሃይማኖት ሻሽን ላለማስተናገድ ብሎ ሥራ አመልካችን ማለፍ እንደማይችል ወስኗል፤ አመልካቿ በግልጽ ባትጠይቅም እንኳ።

ጨዋነት ሲባል ሁልጊዜ ሠራተኛዋ እንድትሸፈን የሚጠየቅበት ብቻ አይምሰላችሁ። ተጨማሪ እንድትገልጥ የሚያስገድድ ደንብም አለ። እ.ኤ.አ. በ2021 የኖርዌይ የሴቶች የባሕር ዳርቻ እጅ ኳስ ቡድን ከቢኪኒ ይልቅ ቁምጣ ለብሶ በመጫወቱ 1,500 ዩሮ ተቀጣ፤ ተቃውሞው በርትቶ በዚያው ዓመት ደንቡ ተቀየረ። የአስተናጋጅ ወይም የእንግዳ ተቀባይ የደንብ ልብስ አጭርና ጠባብ ተደርጎ ከመጣ ይኸው ነው። የደንብ ልብስ የምታዘጋጁ ከሆነ ሱሪና ረዘም ያለ ጉርድ በምርጫ ይቅረብ፤ ሁሉም ልክ ይኑር፤ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ናሙናው አንድ ቀን ሙሉ ተለብሶ ይሠራበት፤ ተቀምጦ፣ አጎንብሶ፣ ትሪ ተሸክሞ። ቅሬታ ከ100 ልብስ በኋላ ከሚመጣ ከአንዱ ቢመጣ ይሻላል።

ለሰው መናገር ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሁለት ዓይነት ነገር አትቀላቅሉ። ድንገተኛ ከሆነ፣ ዚፕ ከተከፈተ፣ ስፌት ከተተረተረ፣ ቀሚስ ውስጥ ልብስ ላይ ከተያዘ፣ ወዲያው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በአጭሩ ተናገሩ፦ «ዚፕህ ተከፍቷል»፤ ለታላቅ ከሆነ «ይቅርታ፣ ከኋላ ስፌቱ ተተርትሯል፤ ኮቴን ልስጥዎት»። ዝም ማለት ርኅራኄ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ቀኑን ሙሉ እንደዚያ ሲዞር ይውላል። የደንብ ጉዳይ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ፣ ለብቻ፣ ቢቻል ተመሳሳይ ፆታ ያለው ይናገር። ስለ ልብሱ እንጂ ስለ ገላው አይወራ፦ «ይህ ጉርድ ስብሰባው ክፍል መስኮት ጋ ስትቆሚ ውስጡን ያሳያል፤ ገበር ቢገባለት ይስተካከላል» ይባል። «ወንዶቹ እየተቸገሩ ነው» ፈጽሞ አይባል፤ የሌላውን ዓይን ኃላፊነት እሷ ላይ መጫን ነው። የሚያፈጥ ባልደረባ ካለ እሱ ለብቻው ይጠራ፤ የእሱ ጉዳይ የጠባይ ጥሰት እንጂ የአለባበስ ጉዳይ አይደለም። አንድ ሰው ስለጣሰው ለሁሉም አጠቃላይ ማስታወቂያ መለጠፍም አይረዳም፤ ሁሉም ማን እንደተባለ ይገምታል፣ የተባለችው ግን ምኗ እንደሆነ አታውቅም።

መሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አራት አምስት መርፌ ቁልፍ፣ መርፌ ከጥቁር፣ ከነጭና ከቡናማ ክር ጋር፣ አንድ ጠቆር ያለ ሹራብ ወይም ሻርፕ ቢኖር ብዙ ነገር ይድናል። መርፌ ቁልፉን ከውስጥ በኩል፣ ጨርቁ በተደረበበት ስፌት ላይ ውጉት፤ ሳሳ ያለ ነጠላ ጨርቅ ላይ ከተወጋ ይቀደዋል።

አደባባይ ላይ ደንቡ የተለየ ነው፤ እዚያ አለቃ የለም፣ ያለው ሕግ ብቻ ነው። ያልወደዳችሁትን ልብስ አለመውደድ መብታችሁ ነው፤ ለልጃችሁ ቤት ውስጥ መምከርም እንዲሁ። መንገደኛን ማስቆም፣ መሳደብ፣ ልብሱን መንካት ግን ከመብታችሁ ውጪ ነው። ተራው ሰው ራሱን የልብስ ዳኛ ሲያደርግ የሚሆነውን አይተናል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ናይሮቢ ውስጥ ወንዶች «አጭር ለብሳለች» ብለው አንዲት ሴት አውቶቡስ መሳፈሪያ ላይ ልብሷን ገፈፏት። ሴቶች አደባባይ ወጡ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሰውን በግድ መግፈፍ ከ10 ዓመት የማያንስ እስር የሚያስቀጣ ወንጀል ሆኖ በኬንያ ሕግ ገባ። ጨዋነትን እናስከብራለን ያሉት ሰዎች አንዲትን ሴት በአደባባይ ራቁቷን አስቀሯት፤ ከዚህ የባሰ ነውር አላውቅም።

እንዲህ ያለ ነገር ሲጀመር ካያችሁ መጀመሪያ አጠገቧ ሂዱና እንደሚያውቃት ሰው አናግሯት፤ ከሰዳቢዎቹ ጋር ክርክር አትጀምሩ፣ ክርክር ሰው ይሰበስባል። ሻርፕ ወይም ጃኬት ካላችሁ «ልስጥሽ?» ብላችሁ ጠይቁ እንጂ ሳትጠይቁ አታልብሷት። ወደ ሱቅ፣ ወደ ባንክ፣ ጥበቃ ወዳለበት ቦታ አብራችሁ ግቡ። ቪዲዮ የምትቀርጹ ከሆነ የአጥቂዎቹን ፊት ቅረጹ፣ እሷን አይደለም፤ የቀረጻችሁትንም ለእሷ ስጡ፣ የትም አትለጥፉ። ስለ ልብሷ ያላችሁ አስተያየት ምንም ይሁን ምን ያን ቀን አይነሳ።